የግራጫው ኮት ገበር

«ባለ ኮቱ በመጨረሻ መጣልሽ» አለ አባቴ። «ሂሳቡንም ተቀብያለሁ።»

ሰኞ ነበር። እናቴ ክር ልትገዛ ስትወጣ የስፌት ቤቱን የጠበቀላት እሱ ነው። የክር ፌስታሏን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየች። ባዶ ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

አባቴ የዋጋ ነገር መሰለው። «እውነት ነው፣ ትንሽ ቀንሼለታለሁ» አለ። «ሁለት ዓመት ጠፍቶ የከረመ ሰው መክፈሉም አንድ ነገር ነው። ይሄ ያስቆጣል?»

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ደክሞኝ ነው።»

እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክል ነበር። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ኮቱ ውስጥ ያለውን ከእሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለ ኮቱ የምንለው፣ ገበር እንዲቀየርለት ግራጫ ኮቱን ትቶ የጠፋ ደንበኛ ነው። ስሙንም አድራሻውንም አልያዝንም። እናቴ «የሰው አደራ አይሸጥም» ብላ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ኑሯችን ከእጅ ወደ አፍ ነው። የአባቴ የጥበቃ ደሞዝ ለቤት ኪራይና ለእህቴ ትምህርት ቤት ያልቃል፤ የቀረውን የእናቴ መርፌ ይሸፍናል። መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሳ ልታጠራቅም ሞክራ ነበር። ጣሳ ግን ክዳን አለው። ዛሬ ለዘይት፣ ነገ ለደብተር እየተባለ ይከፈታል። አባቴ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም ደግነቱ ነው። የሥራ ባልደረባው ተቸገርኩ ካለው ኪሱን ገልብጦ ይሰጣል።

እናቴ በዓለም ላይ የምትጠላው አንድ ነገር የራሷን ስፌት መተርተር ነው። ይህንን ስለራሷ ታውቃለች። ስለዚህ የኮቱን ገበር ስትሰፋ ከውስጥ ኪሱ በላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወች። ገንዘብ በዚያ ይገባል እንጂ አይወጣም። በየሳምንቱ የአንድ ሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ አጥፋ ታስገባበት ነበር።

«ለማውጣት መተርተር አለብኝ» አለችኝ አንድ ቀን ሳያት። «እሱን ከማደርግ ሞቼ ልገኝ። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

የምታጠራቅመው የጨርቅ ጠርዝ ለሚጠቀልል ኦቨርሎክ ማሽን ነው። እስካሁን የሰፋችውን ሁሉ ለጠርዙ ሌላ ስፌት ቤት እየወሰደች ትከፍላለች፤ ከትርፏ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሥራውን ሊተው ስለሆነ ማሽኑን እስከ ቅዳሜ ሊያቆይላት ቃል ሰጥቷታል። ከቅዳሜ በኋላ ሌላ ገዢ አለው። ባለፈው ሳምንት ገንዘቡ ሞላላት፤ ክፍተቱንም ደፈነችው፤ መተርተሩን ግን ዛሬ ነገ እያለች አዘገየችው።

ሰውየውን የት ብለን እንፈልገው? ማክሰኞና ረቡዕ እናቴ ስትሰፋ ዋለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። አባቴ አሁንም በዋጋው የተቀየመችው እየመሰለው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰባት።

ሐሙስ ከሰዓት ባለ ኮቱ ራሱ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ገባ። ሁለት ደንበኞች ወረፋ ይዘዋል፤ አባቴም ከሥራ ወጥቶ መጥቷል።

«እህቴ፣ ምን ዓይነት ስፌት ነው ይሄ?» አለ። «ግራ ደረቱ ላይ ካርቶን የከተትሽበት ነው የሚመስለው። ቢሮ ውስጥ ሰዉ ወደ ግራ አዘመምክ ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ሰፊ ጋ ልወስደው ስል ባለቤቴ ናት ‹መጀመሪያ የሠራችው ትየው› ያለችኝ።»

እናቴ በሃያ ዓመት ሥራዋ ስፌቷን የነቀፈባትን ደንበኛ መልስ ሳትሰጠው አሳልፋ አታውቅም። አሁን ግን እጇ ወደ ኮቱ ተዘረጋ።

አባቴ ቀደማት። «ይቅርታዎን ጋሼ፣ የእሷ ስፌት እንከን የለውም። ምናልባት ደረትዎ ነው የ—»

«አንተ ዝም በል እስቲ» አለችው፤ በጠረጴዛው ስርም እግሩን ረገጠችው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። «ልክ ነዎት ጋሼ። የእኔ ጥፋት ነው። ገበሩን አበላሽቼዋለሁ። ነገ ይምጡ፣ አስተካክዬ አቆይልዎታለሁ።»

ወረፋ ከያዙት አንዷ ይዛ የመጣችውን ቀሚስ መልሳ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችና «ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። እናቴ በዓይኗ ሸኘቻት እንጂ አልጠራቻትም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋች። ምላጩን ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ ተርትሪው፤ የእኔ እጅ እምቢ አለ።»

ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ገበሩ ሲላቀቅ የታጠፈው ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። አባቴ አንዱን አንስቶ ዘረጋውና መልሶ በእጥፋቱ አጠፈው።

«ከእኔ ነው የደበቅሽው?»

«ከሁላችንም። ከራሴም።»

አባቴ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ባውቅ ኖሮ» አለ፣ «ባለፈው ባልደረባዬ ሚስቱ የታመመችበት ጊዜ ይህንንም እሰጠው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መስጠትም ነበረብኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች፤ ገበሩንም ልትሰፋ ክር መረጠች።

በማግስቱ ባለ ኮቱ መጣ። ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመና «አሁን ነው ኮት የሆነው» አለ፤ እናቴም አመሰገነችው። ቀሚሷን ይዛ የወጣችው ደንበኛ አልተመለሰችም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴና እኔ ማሽኑን በእጅ ጋሪ ገፍተን አምጥተን መስኮቱ ስር አስቀመጥነው።