ዱቄቱ ራሱ አልነደደም

ወረቀቱ ላይ ሁለት ፊርማ ነበረ። የመጀመሪያው የላቦራቶሪው ኃላፊ የአቶ ታምሩ፣ ሁለተኛው የሃፊዛ። ከፊርማዎቹ በላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ናሙናው በክብሪት ተሞክሮ አልነደደም፤ ስለዚህ እሳት አያባብስም።»

ሃፊዛ ይህን መስመር ወልቂጤ በሚገኘው የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ስታነበው ደሟ ፈላ። ከአራት ወር በፊት ስትፈርምበት አላነበበችውም ነበር።

ቅጂውን የላከው ከቡታጅራ የጻፈላቸው መርማሪ ነው። እዚያ አንድ የቃጫ መጋዘን ተቃጥሏል። ባለቤቱ ከተዘጋ ፋብሪካ ጨረታ መለያ የሌለው ነጭ ዱቄት በጆንያ ገዝቶ፣ ከቃጫው ጋር ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ ላቦራቶሪውን ጠይቆ ነበር። ወረቀቱን አምኖ ጆንያዎቹን ከቃጫው ላይ ደረደረ። ከሦስት ሳምንት በፊት በያጅ የመጋዘኑን በር ሲጠግን አንዲት ፍንጣሪ ዱቄት በፈሰሰበት የቃጫ እስር ላይ አረፈች። ሽማግሌው ጥበቃ ሙከሚል በእጁ ሊያዳፍናት ሮጠ፤ ባልዲ ሳያነሳ ጣሪያው ተያያዘ። መርማሪው ግን ቃጫ በፍንጣሪ ብቻ እንዲህ አይነድም አለ፤ ቤንዚን ካልተርከፈከፈበት በቀር። ዱቄቱን እንዳይጠረጥር ይህ ወረቀት ነበረው። ስለዚህ ሙከሚልን አሰረው።

ሃፊዛ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«አቶ ታምሩ፣ ይህን ዱቄት እንዴት ነው የፈተሹት?»

«በክብሪት። ተጽፏል እኮ።»

«ብቻውን?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልድረው ኖሯል?»

«ከቃጫው ጋር። ሰውየው የጠየቀን ዱቄቱ ይነድ እንደሆነ አይደለም፤ ሌላውን ያነድ እንደሆነ ነው። ኦክሲዳይዘር ራሱ አይነድም። ለሚነደው ነገር ኦክስጅን ያቀብላል።»

«ትምህርቱን እኔም ተምሬዋለሁ፣ እመቤት።»

«ታዲያ?»

አቶ ታምሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ክረምት ነበር። መብራት የለም። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ይነዘንዘኛል። ደግሞ አንቺስ? ፈተናውን አይተሽ ነው የፈረምሽው?»

በደንቡ ሁለተኛ ፈራሚ ከፈታኙ አጠገብ ቆማ ማየት አለባት። በዚያ ቤት ግን ወረቀቶቹ ሻይ ሲጠጣ በአንድ እስር ይመጣሉ፤ ሃፊዛ ብርጭቆዋን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ትፈርማለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ፈርማለች። ንዴቷ ያን ጊዜ የሚወድቅበት አጣ፤ ተመልሶ ራሷ ላይ ወደቀ።

ናሙናው መደርደሪያው ላይ፣ በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ነበር። እሽጉን በሁለት ምስክር ፊት ከፈተች። ያስመጣችውን ቃጫ እናቷ ጉንችሬ ገበያ እንደምታደርገው ጆሮዋ ሥር አስጠግታ አሸችው፤ ደረቅ ቃጫ ይንሾካሾካል። ከትፋ ሦስት ክምር አበጀች፦ አንዱን ብቻውን፣ አንዱን ኦክሲዳይዘርነቱ ከታወቀ ማነጻጸሪያ ጨው ጋር፣ ሦስተኛውን ከነጩ ዱቄት ጋር። እያንዳንዱን በጋለ ሽቦ ለኮሰች።

ቃጫው ብቻውን ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆየ፤ ጭሱ በዛ እንጂ ነበልባሉ ሰነፍ ነበር። ከማነጻጸሪያው ጨው ጋር የተቀላቀለው በሠላሳ አንድ ሰከንድ አለቀ። ሦስተኛው በአሥራ አንድ። ነበልባሉ ነጭ ነበር፤ ፉጨት ነበረው፤ ከሥሩ የነበረውን ሸክላ ሰነጠቀው። አምስት ጊዜ ደገመችው። በደገመች ቁጥር ጥርሷን የባሰ ነከሰች። አሥራ አንድ ሰከንድ ለአንድ ሽማግሌ እጅ ምን ጊዜ ነው?

አቶ ታምሩ በሩ ላይ ቆሞ አይቷል።

«እሺ» አለ ዝግ ብሎ። «የመጀመሪያው ናሙና ሌላ ነበር ብለን እንጻፍ። ጆንያው ተሳስቶ ነው እንላለን። ሽማግሌውም ይፈታል፣ እኛም እንተርፋለን።»

«አይፈታም። ናሙናው ሌላ ነው ካልን የተቃጠለው ዱቄት የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? የዛሬው ውጤት ዋጋ የለውም። ሽማግሌው በእርስዎ ክብሪት እንደታሰረ ይቀራል።»

«ይህን ከሰጠሽ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ።»

«አብረን እንወጣለን።»

እንዲህ ጻፈች፦ «ናሙናው አንድ ነው። የቀደመው ፈተና ፈተና አልነበረም። እኔም ሳላይ ፈርሜበታለሁ።» በማግስቱ በሚኒባስ ቡታጅራ ገባች። መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ቤንዚን የሚለውን ክስ እንደሚያነሳ፣ የመፍቻው ወረቀት ግን እስከ ነገ እንደሚቆይ ነገራት። ከዚያ ሙከሚልን እንድታየው ፈቀደላት።

ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርናቸው ተጠቅልለዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ሙከሚል።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ወረቀቱን የፈረምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ሽማግሌው ሲናገር ድምፁ አልጨመረም። «ትልቁ ልጄ እዚህ መጥቶ፣ እውነት ቤንዚን አፍስሰሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የወለድኩት ልጅ። አላፈሰስኩም ስለው ዓይኑን ሰበረ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እዚህ አይደለም። እዚህ ማንም አይሰማሽም። ሚስቴ ሳሌሃ ሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ነስቷት ቤቷ ተቀምጣለች። እሷ ደጅ ሂጂ። አትግቢ፤ ደጁ ላይ ቁሚና ጎረቤቱ እየሰማ ተናገሪው። ከዚያ በኋላ ይቅር እልሽ እንደሆነ እኔ አስብበታለሁ።»

ሃፊዛ ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። በአጥሩ ማዶ ሁለት ሴቶች እህል ያበጥራሉ፤ አንድ ጎልማሳ ሞተር ይጠግናል። ሳሌሃ በሩን ገርበብ አድርጋ እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ግቢ» አለቻት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልገባም፣ እናቴ» አለች ሃፊዛ። ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰችና ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እስኪያስቀምጡ ጠበቀች። «ሃፊዛ እባላለሁ። አባ ሙከሚልን ያለ ጥፋታቸው ያሳሰርኳቸው እኔ ነኝ።»