የሚስ ዊን ወንበር

ጽጌ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለሙዚቃ ልምምድ ያረፈደችው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱን የእናቷን መርዶ የሰማች ዕለት፣ ሁለተኛውን ዛሬ። የዛሬው ጥፋት የጆሮ መስሚያው ነው። ሐኪም ቤት ከሰጧት አራት ቀን ቢሆነውም ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ጆሮዋ ላይ ያደረገችውም ገና ዛሬ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ከዋይት ሲቲ ቤቷ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር እስካለው የልምምድ አዳራሽ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሷ ግን በየመንገዱ እየቆመች የአውቶቡሱን ፍሬን፣ የሴቶቹን ጫማ፣ የእርግቦቹን ክንፍ ስታዳምጥ ሰዓቱ ነጎደ። «ለካ ይህ ሁሉ ሲንጫጫ ነው የኖረው!» አለች ለብቻዋ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት።

አይ ደስታ! የሚመጣውን ብታውቅ ኖሮ መስሚያውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ትወጣ ነበር።

በሚመጣው ቅዳሜ አዳራሹ የተሠራበት በዓል ይከበራል። መክፈቻውን የሚጫወተው የጽጌ የሙዚቃ ክበብ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእሷ ክራር ብቻውን ይናገራል። ጆሮዋ ከከበዳት ሁለት ዓመት አልፏል። በዚያ ቀን አንዲት ክር እንዳትዋሻት ብላ ነው እንደምንም ሐኪም ቤት የሄደችው። ሽማግሌ ስትጦር ውላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሴቶች ሰብስባ የጀመረችው ክበብ ዛሬ አሥራ ሰባት ሰው ሆኗል። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያላት እሱ ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ የጽጌ እጅ ሳይነሣ ማንም አይጀምርም።

አዳራሹን ያሠራችው ሚስ ዊን የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ ፎቶዋ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ከመቶ ዓመት በፊት ልብስ አጣቢዎችንና የቤት ሠራተኞችን ሰብስባ የሴቶች የሙዚቃ ክበብ አቋቁማ ነበር። በእነሱ ክበብ መሪዋ በየዓመቱ አንድ ቀን ከወንበሯ ተነሥታ ከበሩ ውጭ ትቆማለች፤ አባላቱ ተነጋግረው ሲያበቁ ያሰቡትን ፊት ለፊት ይነግሯታል። ከፎቶው ሥር ከቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ ተለጥፏል፤ በራሷ በሚስ ዊን እጅ የተጻፈ ነው። «ወጣሁ። ስመለስ ድምፄ እንደደከመ ነገሩኝ። ወንበሬን ለሚስስ ኮል ለቀቅሁ። አመሰገንኳቸው።»

ጽጌ ይህን ባነበበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። «አሥራ አምስት ዓመት የለፋችን ሴት ደጅ አስወጥተው! የፈረንጅ ጭካኔ!» ትላለች። «የኛ ሰው ቢያንስ ይሉኝታ ያውቃል።» እውነቷን ነው፤ ያውቃል።

ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ክራሯን ታቅፋ እንደ ወትሮዋ ከፊት ተቀመጠች። ከኋላዋ ሁለተኛውን ክራር የያዘችው ሰሎሜ አለች፤ ሰሎሜን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በስደት እንደመጣች፣ ቤቷ አስገብታ ያሳደረቻትና ጣቷን ይዛ ክራር ያስተማረቻት ጽጌ ናት። ከበሮው የማሚቱ ነው፤ ማሚቱ ክበቡን አብራት የጀመረች እኩያዋ ናት። የድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው የአውቶቡስ ሹፌሩ ሔኖክ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀምጧል። ጽጌ እጇን አነሣች፤ መክፈቻውን ጀመረች።

ወዲያው አንድ ነገር ጆሮዋን ቆረቆራት። ከጉያዋ የሚወጣው ድምፅ ቅኝቱ የተበላሸ ነው፤ ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች፣ አምስተኛዋ ታለቅሳለች። ከማጉያው የሚመጣው ግን ጥርት ያለ ነው። መጀመሪያ መስሚያውን ጠረጠረችው። ቀጥላ ቀስ ብላ ጣቷን ከክሮቹ ላይ አነሣች።

ክራሩ መጫወቱን ቀጠለ።

ጽጌ ክው አለች። ዞር ሳትል በዓይኗ ጠርዝ፣ የክራሯን ድምፅ ወደ ማጉያው የሚያደርሰውን ገመድ ተከተለችው፤ ከክራሯ ተነሥቶ ወለሉን አቋርጦ ሔኖክ እግር ሥር ደርሷል፤ ጫፉ ግን የትም አልተሰካም፤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አቧራ ለብሷል። የሰሎሜ ገመድ ነው የተሰካው። ስንት ወር ይሆን? ስንት ሠርግ፣ ስንት በዓል? ሰው እጇን ጨብጦ «እጅዎ ይባረክ» ሲላት የማንን እጅ ነበር የሚባርከው? እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ጣቷን መልሳ ክሩ ላይ አሳረፈችና እስከ መጨረሻው ድረስ የምትጫወት መሰለች።

ሲያበቁ ቆመች። «ዛሬ በሚስ ዊን ሕግ እንሄዳለን» አለች። «እኔ ልውጣና ተነጋገሩ። በዓሉን ልምራ፣ አልምራ፣ ስመለስ እውነቱን ንገሩኝ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለች ማሚቱ።

«ደህና ነኝ። ተነጋገሩ ብቻ።»

ወጥታ በሩን ዘጋች። ልቧ አንድ ነገር ብቻ ይለምን ነበር፦ አንዳቸው ይንገራት። በተለይ ሰሎሜ። ከሰሎሜ አፍ ከመጣ ትችለዋለች።

በሩ ስስ ጣውላ ነው፤ መስሚያው ደግሞ አዲስ።

«እንንገራቸው እባካችሁ» አለ የሔኖክ ድምፅ። «የነቀልኩትን ገመድ ባየሁ ቁጥር ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል።»

«ማን አባቱ ደፍሮ ይነግራታል?» አለች ማሚቱ። «እኔ አልችልም። ዓይኗን እያየሁ?»

ከዚያ ሰሎሜ ተናገረች፤ እያለቀሰች ነው። «ለእኔ እናቴ ናቸው። ገመዱ እንዳለ ይቆይ። ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ይቀራቸዋል? ደስ እንዳላቸው ይሙቱ።»

ጽጌ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ጠልተዋት ቢሆን ኖሮ ትናደድ ነበር፤ ንዴት ያበረታል። እነዚህ ግን ወድደዋት ነው፣ ገና በቁሟ ያስታመሟት።

«እትዬ፣ ይግቡ!» አለች ሰሎሜ በሩን ከፍታ፣ ፊቷን ጠራርጋ። «ተስማምተናል። ያለ እርስዎ ክራር ይህ ክበብ ምን አለው? የሚመሩት እርስዎ ነዎት!» ሁሉም አጨበጨቡ።

ጽጌ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ክራሯን አቀፈች።

«እሺ» አለች። «ሔኖክ፣ እንግዲያው ገመዴን ስካልኝ።»

ጭብጨባው ቆመ። ሔኖክ ወደ ማሚቱ አየ፤ ማሚቱ ወደ መሬት አየች። ያኔ ሰሎሜ የጽጌን ጆሮ አየች፤ ከነጭ ፀጉሯ ሥር ብቅ ያለችውን ትንሽ መስሚያ። ከዚያም በሩን አየች።

«እትዬ...» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ተነሺ» አለቻት ጽጌ። «ለሚስ ዊን እኮ ነገሯት። የራሷ ሰዎች ናቸው ፊት ለፊት የነገሯት። እኔን ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ናቃችሁኝ?»

«ሰግተን ነው። እንዳይከፋዎት ብለን...»

«አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር» አለች፤ ይህም እውነት ስለነበረ የባሰ አመማት። ሰሎሜን በክንዷ አንሥታ ከፊት ያለው የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ክራሯን ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ይዛው ሄዳ በሩ አጠገብ፣ ከፎቶው ሥር ቆመች።

«ጀምሩ።»

አልጀመሩም። አሥራ ስድስቱም ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው፣ እንዳስተማረቻቸው እጇን ይጠብቃሉ። ጽጌ ቀኝ እጇን አነሣች። ሰሎሜ ክሩን ነካች፤ ከበሮው ተከተለ፤ መክፈቻው ያለ አንዲት ስህተት ፈሰሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሰማችው፤ ያለ እሷ ምንም አልጎደለውም። እንደ ሚስ ዊን ልታመሰግናቸው ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ እጇን ማውረድ ረስታ ነበር።