እናቴን ያልቆጠረች መኪና

ትርንጎ ፍሬኑን የረገጠችው ሳታስበው ነው። ኮሶዬን አልፋ ወደ ጎንደር ስትወርድ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር፤ ገለባ የተጫነ አህያ ከጥጉ ብቅ አለና መሀል አስፋልቱ ላይ ተገተረ። መኪናዋ አፍንጫው ሥር ደርሳ ቆመች። አህያው ጆሮውን አርገፍግፎ መንገዱን ቀጠለ። ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ ግን ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተሙ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ እማዬ?»

ወይዘሮ ታየች አልጮኹም። ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ ከግንባራቸው የሚወርደው ደም ጋቢያቸው ላይ ሲንጠባጠብ እያዩ፣ «አህያውን ገጨሽው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ትርንጎ ጋቢውን ገለጥ ስታደርግ ቀበቶው አልታሰረም፤ በሩ አጠገብ እንደተንጠለጠለ ነው። ዓይኗ ወደ መሪው ሄደ፤ አንድም ቀይ መብራት አልበራም። ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥተው እዚያ እስኪደርሱ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

ይህች መኪና እንዲያውም ዝም የማትል ነበረች። ትርንጎና ባሏ አምሐ የገዟት ባለፈው ዓመት ነው፤ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ለሠርግና ለክርስትና የምታደርስ። አንድ ሰው ቀበቶ ሳያስር ከተቀመጠ ጢን፣ ጢን፣ ጢን እያለች ታደነቁራለች። መጀመሪያ ሰሞን ተሳሳቁባት፤ እየቆየ ለመዷት። ስትጮህ ያስራሉ፣ ዝም ስትል ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ጠዋትም ትርንጎ እናቷን ለዓይን ሕክምና ልትወስድ ከደጃቸው አንሥታ፣ ጋቢያቸውን አልብሳ፣ በሩን ዘግታ ስትነሣ ምንም ድምፅ አልሰማችም። አስረዋል ብላ ነዳች።

ሆስፒታል ውስጥ የትከሻቸው አጥንት መሰንጠቁ ተነግሯቸው፣ እጃቸው በጨርቅ አንገታቸው ላይ ከታሰረ በኋላ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ምነው እማዬ፣ አላሰርሁም አትይኝም ነበር?»

«አምሐ ስትጮህበት ነው የሚያስር። ለገና ስትመጡ አይቸዋለሁ። ዛሬ ማኪናዋ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ለእኔ የማያስፈልግ መስሎኝ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ትርንጎን ከስብራቱ ይልቅ አንገበገበቻት።

ትርንጎ ቁስቋም ሰፈር ልብሰ ተክህኖ የምትሰፋ ሴት ናት። ካባ ላይ በወርቅ ክር መስቀል ስትጠልፍ አንዲት ክር ከተዛነፈችባት ሙሉውን ትፈታዋለች፤ ካህናቱ በዓሉ ደረሰብን ብለው ቢለምኗትም አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። እናቷ ከሆስፒታል እንደወጡ ግቢዋ ውስጥ መኪናዋን ትፈትን ጀመር። ራሷ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች፤ መኪናዋ ጮኸች። አምሐ ተቀመጠ፤ ጮኸች። እናቷን ደግፋ አስቀመጠች፤ ዝም። ወርደው ደግመው ወጡ፤ አሁንም ዝም። ወይዘሮ ታየች ድሮም ቀጫጫ ናቸው፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ከስተዋል።

በማግስቱ እናትና ልጅ መኪናዋን ወደሸጠላቸው ድርጅት ሄዱ፤ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባለመስታወት ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢዮስያስ አነጋገሩ የለዘበ፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ወጣት ነው። ትርንጎን አዳምጦ ሲያበቃ አንድ ደንዳና ቴክኒሻን ጠርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ መንገደኛው እስኪዞር ድረስ ጮኸች።

«ይኸው፣ ትሠራለች» አለ ኢዮስያስ።

«አሁን ደግሞ እናቴ ትቀመጥ» አለች ትርንጎ።

ወይዘሮ ታየች ተቀመጡ። መኪናዋ ዝም አለች።

ኢዮስያስ ፈገግ አለ። «ወንበሩ ሥር ክብደት የሚለካ ነገር አለ። ቦርሳ ወይም ዘምቢል በተቀመጠ ቁጥር እንዳይጮህ፣ ቀለል ያለውን እንደ ዕቃ ነው የሚቆጥረው። እናትዎ ክብደታቸው አንሶ ነው እንጂ መኪናዋ ችግር የለባትም።»

«እናቴ ዕቃ ናት?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

ቴክኒሻኑ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ሳቀ። «ከሥራቸው አንድ ከረጢት ገብስ ቢያደርጉላቸው እኮ ትጮኻለች።»

ወይዘሮ ታየች በተከፈተው በር ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ገብሱንስ ያመረትሁት እኔ። ማኪናዋ ገብሱን አውቃ እኔን አጣችኝ?»

የሳቀው ሰው አቀረቀረ። ኢዮስያስ ግን «ቀበቶ መታሰሩን ማየት የነጂው ኃላፊነት ነው» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

እራት ላይ አምሐ ሊያረጋጋት ሞከረ። አምሐ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጠብ አይወድም።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺው እሰሪላት፤ አለቀ። ሰውየው ያለው እኮ እውነት ነው፤ ማየት ነበረብሽ።»

«እሱማ ነበረብኝ። አስርላታለሁም» አለች። «ግን ይህችን ድምፅ አምነን የምንሄደው እኛ ብቻ ነን? ስንቱ ሽማግሌ፣ ስንቱ ልጅ ነው እንዲህ ሳይታሰር የሚሄደው? ዝም ስትል እኮ ደኅና ናችሁ እያለች ነው። ትዋሻለች፣ አምሐ!»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ስፌቴን ትቼ ደጃቸው ላይ እቀመጣለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ጠዋት መኪናዋን ከባለመስታወቱ ቤት ፊት ለፊት፣ የማንንም መግቢያ ሳትዘጋ አቆመች። እናቷ ቤት እንዲቀሩ ብትለምናቸው «እኔ ሳልኖር ምኑን ልታሳይ?» ብለው እምቢ አሏት። በሩን አስከፍተው፣ እጃቸው እንደታሰረ ከፊት ወንበር ተሰየሙ። ትርንጎ መኪና ሊያይ የመጣውን ሁሉ «ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር እይ» እያለች ትጠራለች። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ያበደች መስላው ራቅ ብሎ ያልፋል።

ኢዮስያስ ሸሚዙ እንደተተኮሰ፣ ፊቱ ግን ተጨማድዶ ወጣ። «ገበያችንን እያበላሹ ነው። ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ» አለች ትርንጎ። «ፖሊሱም ይምጣና ይስማ።»

ፖሊስ አልጠራም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ሐዲስ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ከአይከል መጣ። ትርንጎ ስትጠራው ቆም ብሎ አዳመጣት፤ ከዚያ ወይዘሮ ታየችን ይቅርታ ጠይቆ በእሳቸው ቦታ ተቀመጠ። መኪናዋ ጮኸች። ልጁን አስቀመጣት። ዝም አለች። አውርዶ ደገማት። ዝም።

«ትምህርት ቤት ሳደርሳት ከጎኔ ነው የምትቀመጠው» አለ ለሚስቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊገዛት ያሰባትን አዲስ መኪና አስነሡልኝ አለ። ኢዮስያስ «ደጅ ያለችው መኪና አደጋ ላይ ተጎድታ ይሆናል እንጂ የእኛዎቹ እንዲህ አይሉም» እያለ አስነሣለት። ወይዘሮ ታየች ማንም ሳይጠራቸው ተከትለው ገቡ። መጀመሪያ ልጅቱን «ግቢ፣ የኔ ሸጋ» ብለው አስቀመጧት፤ ቀጥለው ራሳቸው ተቀመጡ። አዲሷ መኪና ሁለቱንም ዝም አለቻቸው።

ሐዲስ «ልጄን የማታውቅ መኪና አልገዛም» አለና ቤተሰቡን ይዞ ወጣ።

ኢዮስያስ ትርንጎን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። «እሺ። የእርስዎን ወንበር እንቀይርልዎታለን። ነገ ይምጡ። ብቻ ከደጃችን ይነሡልን።»

ትርንጎ ደክሟት ነበር። ለትንሣኤ ያላለቁ ካባዎች ቤቷ ተከምረዋል፤ እናቷም ማታ ማታ ትከሻቸው እየጠዘጠዛቸው እንቅልፍ አጥተዋል። እሺ ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር።

«ለሌሎቹስ?» አለች።

«ሌሎቹ አልጠየቁም።»

«ምኑን አውቀው ይጠይቁ? ዝም የሚል ነገር ምን ብሎ ይነግራቸዋል? ለገዛው ሁሉ ደውሉና ድምፁን እንዳያምኑ፣ በዓይናቸው እያዩ እንዲያስሩ ንገሯቸው። ከዚያ የሁሉንም አስተካክሉ። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው። አዲስ አበባን መጠየቅ አለብኝ።»

«ጠይቃ! ስልኩ ከፊትህ ነው። እኔም ውጭ ነኝ።»

ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። በዚያው ቀን አምሐ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ፤ ከኋላ ወንበር ገብቶ የተማሪዎቹን ፈተና ያርም ጀመር። በማግስቱም መጣ። ሐዲስ ያየውን አይከል ላይ ለሰማው ሁሉ አውርቶ ነበርና መኪና ልግዛ ብሎ የሚመጣው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ወደ ወይዘሮ ታየች ይሄዳል። አንዳንዱ ልጁን፣ አንዳንዱ አሮጊት እናቱን ይዞ ይመጣል። ባለመስታወቱ ቤት ጭር አለ።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጡ። ወንበሩን ፈትተው አገላብጠው ሲያዩት ጥፋቱ ከሥሩ ያለው መለኪያ ሆነ፤ አብረው በገቡት መኪኖች ሁሉ ላይ ተበላሽቶ ነው የመጣው። ከባለሙያዎቹ አንዱ «በደኅናው ቢሆን ለእርስዎ ቀርቶ ለልጅም መጮህ ነበረበት» ሲላቸው፣ ወይዘሮ ታየች ጮክ ብለው «ለዚያ ለሥራ አስኪያጁ ንገርልኝ» አሉ።

ለገዙት ሁሉ ተደወለ። ከደባርቅም ከመተማም የመጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ባትጮህ ይሻለናል ብለው ቀሩ፤ ትርንጎ ይህን ስትሰማ በጣም ተናደደች፤ ግን በሰው መኪና ምን ማድረግ ትችላለች?

የእሷ ተራ የደረሰው ከትንሣኤ በኋላ ነው። አዲሱ መለኪያ ተገጥሞ እናቷ ሲቀመጡ መኪናዋ ጢን፣ ጢን ማለት ጀመረች። ትርንጎ ቀበቶውን ልትስብ ስትል ወይዘሮ ታየች እጇን ያዟት።

«ተያት። ትንሽ ትጩህ።»

ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ራሳቸው በደኅናው እጃቸው ስበው አሰሩ።

ትከሻቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ውኃ መሸከም ትተዋል። ኢዮስያስም ትርንጎን እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም፤ ፒያሳ ላይ ሲያያት መንገድ ይሻገራል። እሷ ግን ከማዶ ሆና፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ በስሙ ጠርታ ሰላም ትለዋለች።