ከመንገዱ ማዶ እንዲሰማ

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ልሄድ ነው ያለችኝ ቀን ሂጂ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? በዕድሜዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ በሰባ ዓመቴ ልመና አልጀምርም። ዓይኗ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው። መጀመሪያ ነገሩን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንደማይ ነው ትል ነበር፣ ኋላ ጭጋጉም ቀረ። ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጇ ሰፊ ቤት አለው፤ መጥቶ ሊወስዳት ቀን ቆርጠዋል። የበዓሉ ዋዜማ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ።

ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። እኔ በየዓመቱ ለበዓሉ የቤቴን ፊት በመብራት አለብሳለሁ። ሰው ቆሞ ያያል፤ ሲያይልኝ ደግሞ አልጠላም፣ ምን እዋሻለሁ። ዘንድሮ ግን እትዬ ገና አንድ አምፖል ሳልሰቅል፣ ለኔ ብለሽ እንዳትደክሚ፣ እዚህ የማየው የለኝም አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀልቤ አልረጋ አለ። ቁጭ ስል እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ድስት ጥጄ እረሳለሁ። በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ ደጅ ወጥቼ አራት ጊዜ ተመለስኩ፤ ምን ልፈልግ እንደወጣሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

በአራተኛው ላይ ነው ነገሩ የመጣልኝ። የጠፋው ዓይኗ ነው፤ ጆሮዋማ ከድመት ይብሳል። መብራቱ ላይ ሙዚቃ እጨምርበታለሁ አልኩ። የልጄ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጥንቁቅ ሰው፣ እንዲያውም ሲበዛ ጥንቁቅ። ለበዓሉ ሦስት ቀን ነው የቀረው እማማ፣ ቢል አልሰማሁትም። እጁን ይዤ ሱቅ ወሰድኩት።

ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጥርሱን ለማሳየት የሚከፈለው የሚመስል ሰው ነው። ቁም ሳጥን የሚያህል ጥቁር ስፒከር አሳየኝና ከፈተው። የመስታወቱ በር ተንቀጠቀጠ። እንዴት ነው እናቴ አለኝ። ወደ ውጭ አውጣው አልኩት። ሳቀ። አርባ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም የሸጥኩት ሜዳ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ሳል እንኳ ነጎድጓድ ነው፣ ደጅ ግን ድምፁን ተቀብሎ የሚመልስልህ ግድግዳ የለም ብዬ ነገርኩት። እየተነጫነጨ እስከ ደጁ ገፋው። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። አውቶቡስ አለፈ፣ ሰው አለፈ፤ የሚሰማኝ ድም ድም ብቻ ነው፣ ዘፋኙ የት እንደገባ አልታወቀም። ደግሞም ከእንጨት ነው የተሠራው፣ አንድ ዝናብ ቢነካው እንደ ዳቦ ይርሳል።

አማቼ ከመደርደሪያው ሁለት መካከለኛ አወረደ። ዙሪያቸው የተደፈነ፣ የገመዱ መግቢያ በጎማ የተያዘ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰሩበት ብረት ያላቸው። አንድ ትልቅ ጮሆ አጠገቡ ያለውን ከሚያደነቁር፣ ሁለቱ ተራርቀው ወደ አንድ መስኮት ቢያዩ ይሻላል አለኝና ከፈታቸው። ውሃ አያስገቡም ወይ ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት፤ በፍጹም አለ። እንግዲህ የራሱ ቃል ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ውሃ የሚጠጣበትን ብርጭቆ አንስቼ አንዱ ላይ ገለበጥኩበት። ሻጩ ራሱን ያዘ። ስፒከሩ መዝፈኑን ቀጠለ። እነዚህን እወስዳለሁ አልኩ።

መግዛቱ ቀላል ነበር፤ መከራው መስቀሉና ኤሌክትሪክ ማብላቱ ነው። እኔ ጣሪያው ላይ ይሰቀሉ አልኩ፣ እሱ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ወደ እትዬ መስኮት ዘንበል ብለው አለ። ያ ይሁን። የካውያዬን ማራዘሚያ ገመድ አምጥቼ ሰጠሁት፤ በሁለት ጣቱ ዳስሶ መለሰልኝ። ቀጭን ገመድ ሲረዝም ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል፣ ከዚያም ይግላል አለ፤ ወፍራም የደጅ ገመድ ከራሱ ቤት አመጣ። መጋጠሚያዎቹን መሬት ላይ ላለመተው ክዳን ባለው ሳጥን ከቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና አልተከራከርኩም።

ሁሉንም ባንድ ላይ ሲያበራ ቤቱ ድርግም አለ። ፍሪጁም አብሮ ሞተ። ብሬከሩን መለሰው፤ እንደገና ወረደ። ቤቱ ያለው አንድ መስመር ነው፣ እነዚህ የድሮ አምፖሎች ደግሞ ሆዳሞች ናቸው፣ ከመብራቱ ይቀነስ ወይም ሙዚቃው ይቅር አለኝ። የሚቀነሰውም የጣሪያው ረድፍ ነው። ሰፈሩ ተሰልፎ የሚያየው ያን ረድፍ ነው። ጎረቤቶች ሽቅብ አንጋጠው እያዩን ነበር። አውርደው አልኩት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።

በዋዜማው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። የግራውና የቀኙ መብራት እየተፈራረቀ ይበራል፣ ሙዚቃውም ቃሉ ተለይቶ እስከ ማዶ ይሄዳል። ግን ውስጡ ነገር አለ። የግራው መብራት ሲበራ የግራው ስፒከር ጠቅ ይልና ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ እምምም ይላል። መብራቱ ሲጠፋ ዝም። የቀኙም እንደዚያው። አማቼን ላብ አጠመቀው። መብራቱን የሚያፈራርቀው ሳጥን ከስፒከሮቹ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሆነ እየረበሻቸው ነው አለ፤ በባትሪ ከለየኋቸው ድምፁ ይጠራል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ሄደ መባል አልፈልግም ብሎ ባትሪ ሊያመጣ ሮጠ። ሰዓቱን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ፣ ደግሞ ሰዓቱን አየሁ።

የእትዬ መስኮት ተከፈተ።

«ምንድነው ይሄ የሚያቃስተው?»

«መብራቱ ነው» አልኳት። «ሲበራ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። እየተሠራ ነው።»

አገጯን ቀና አድርጋ ወደ ግራ ዞረች፣ ቆየች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። እንደገና ወደ ግራ። መብራቱን ተመለከትኩ፣ እሷን ተመለከትኩ። አንድም አልሳተችም።

«አሁን የበርሽ በኩል ነው የበራው» አለች።

«አዎ።»

«አሁን የማድቤትሽ።»

«አዎ።»

«የማድቤትሽ በኩል ቶሎ ይጠፋል። ማነው የሰቀለልሽ፣ ዓይን የለውም?»

ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ አልተናገረችኝም ነበር። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ይኸው ነበር ወሬያችን። እኔም ከተጣደፈ ሰው ምን ትጠብቂያለሽ ብዬ መለስኩላት።

አማቼ ባትሪውን በትከሻው ተሸክሞ ደረሰና እኔ አፌን ሳልከፍት ስፒከሮቹን ወደ ባትሪው አዛወራቸው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። እሱም ደስ አለው፣ ግንባሩን ጠረገ። ከማዶ እትዬ ለምን አጠፋሽው አለች። አልጠፋም፣ ተሠርቶ ነው አልኳት። መብራቱ የታለ ታዲያ አለች፣ ፊቷን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰች፣ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው።

መልሰው አልኩት አማቼን። ምኑን አለኝ። ማቃሰቱን። ያበድኩ መሰለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እማማ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ አለ። ሰው የሚለውን እኔ እችላለሁ፣ አንተ መልስ። አጉረመረመ፣ መሰላሉን ግን ወጣ። ጠቅ፣ እምምም። የእትዬ አንገት እንደገና መዞር ጀመረ።

የልጇ መኪና የመጣው ያኔ ነው። አስራ ሁለት አልሞላም፤ ሰው የማይፈልጉት ሲሆን ቀድሞ ይመጣል። ሻንጣዋን አውጥቶ ኋላ ጫነ። ክንዷን ይዞ ወደ መንገዱ ዳር አመጣት። አክስቴ ብሎ ከሩቅ ሰላም አለኝ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሳይጨልም ብንወጣ ይሻላል አለ። እኔ በዚህ በኩል ቆሜያለሁ። እግሬ አንዴ ወደ ፊት ይላል፣ አንዴ ወደ ኋላ።

እትዬ በሩ ተከፍቶላት አልገባችም።

«ይሄን ሁሉ ምን ልትይኝ ነው የሰበሰብሽው?» አለች ወደኔ ዞራ። «ገመድ፣ ባትሪ፣ መሰላል። አፍ ጠፍቶሽ ነው?»

ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነው። የሻጩ ጥርስ ታየኝ፣ የወረደው ረድፍ ታየኝ።

«አትሂጂ» አልኳት።

«አልሰማሁም። ስፒከርሽ ይጮሃል።»

ሰምታለች። የሷን ጆሮ አውቀዋለሁ።

«አትሂጂ አልኩሽ እትዬ። እለምንሻለሁ።»

መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ ልጇን አንተ ሂድ፣ እኔ ቆይቻለሁ አለችው። እስከ መቼ ነው ሲላት ስጨርስ እጠራሃለሁ አለች፤ ምኑን እንደምትጨርስ አልተናገረችም። ልጁ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣው፣ ተናደደ፣ ልክም ነው። ጉንጯን ሳመና በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ መኪናውን ነዳ።

ሻንጣዋን ይዞባት እንደሄደ የታወቀን መንገዱን አሻግሬ ቤቴ አስገብቻት ሹራብ ስትፈልግ ነው። የኔን ሹራብ አለበስኳት፤ ሰፋኝ አለች፣ ጨርቁም ሻካራ ነው፣ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። አማቼ መሰላሉን አጥፎ፣ ይህን ነገር ስንት ቀን ነው የምንተወው አለኝ። አላውቅም። በዓሉ ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲያ መብራት የሰቀለ ሰው ይሳቅበታል። ዝናቡ ክፈፉን መምታት ጀመረ፣ ስፒከሮቹ አልተበገሩም። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ እሷ ቁጭ በይ፣ ታዞሪኛለሽ ትለኛለች፣ እኔ እንዳይወርድ ብዬ አንዴ ወደ ብሬከሩ፣ አንዴ ወደሷ እመላለሳለሁ።