አባቴ ፍሬን የረገጡበት ቀን

አባቴ ቁልቁለት ሲያዩ ማርሹን ነፃ ይለቃሉ። ከአሰላ እስከ ኢተያ ያለ ነዳጅ እንደሚወርዱ ላገኙት ሰው ሁሉ ያወራሉ። «ጌታ ቁልቁለቱን የፈጠረው በነፃ እንድንወርድበት ነው» ይላሉ፤ አሮጌዋ ኮሮላ ፍሬኗ ሲጮህ ደግሞ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የቆጠቡትን ነዳጅ እንጂ የበሉትን ፍሬን አስልተው አያውቁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

እኔ ፈናን ነኝ፣ ልጃቸው፣ የእንስሳት ሐኪም። አርቦዬ ተመድቤ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነበር። ያለ መኪና ገበሬው ያለበት አልደርስም፤ ኮሮላዋ ደግሞ ከእሁድ በቀር ግቢ ውስጥ ቆማ ነው የምትውለው። ቁልፉን በጠየቅኳቸው ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉኝ ከረሙና፣ እናቴ ከበደች ጣልቃ ስትገባ ነገሩን አወጡት።

«መንዳቱን ትችይበታለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ማቆሙ ነው።»

«እንግዲያው ፍሬኑን እኔው እቀይረዋለሁ።»

«በስልክ ባየሽው ቪዲዮ?»

«በስልክ ባየሁት ቪዲዮ። የሚያቆመኝን ነገር ሳላውቅ አልነዳም።»

ተስማማን። ሰኞ ጠዋት እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ጎኔ ይቀመጣሉ። ካመኑኝ ቁልፉ የእኔ ነው። ካላመኑኝ አርቦዬ ያወርዱኝና መኪናዋን ይዘው ይመለሳሉ፤ እኔም ዳግመኛ አልጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹን ፈታሁ። ከአዳማ ያመጣሁት የፍሬን ዲስክ ከአዲስ ሞዴል የተወሰደ ነው፤ ወፍራም፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ መሃሉ አየር የሚያሳልፍ። አጠገቡ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን አዲሱን የፍሬን ሸራ ጨርቅ ላይ ደርድሬዋለሁ። የድሮውን ሸራ ሳወጣ ግን ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሸራ የሚባል ነገር አልቀረውም። ባዶ ብረቱ ዲስኩን አርሶታል። ዲስኩም በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቀጫጭን ስንጥቆች ገብተውበታል።

«አባዬ፣ እስቲ ይምጡ።»

መጡ። በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ዳሰሱት፣ ብረቱን ገለበጡት።

«ባለፈው እሁድ ለጉባኤ ወደ ሁሩታ ስንወርድ» አሉ በመጨረሻ፣ «እናትሽ ነበረች። እህትሽ ራኬብም ከነልጆቿ ከኋላ ነበረች።» ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያ ዋቃዮ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ።

ልቆጣቸው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ ያን ሁሉ ሰው ጭነው፣ ምን ነበር የያዛቸው? ብረቱ እንዳልሆነ እጄ ላይ ይታያል። እኔ በየነገሩ «የጌታ እጅ ነው» የምል ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት አለ። አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ቡሎኑን እየፈታ አየሩን ያስወጣል። አባቴ መሪው ጋ ተቀመጡ፣ እኔ ጎማው ጋ ተንበረከክሁ።

«ይርገጡ። ይያዙ። እስክነግርዎ እንዳይለቁ።»

ዕድሜ ልካቸውን «ተነስ፣ ተቀመጥ» ሲሉ የኖሩ መምህር እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታዘዙኝ። ቡሎኑ ላይ ከሰካኋት ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋው እየተግተለተለ ወጣ። ዘይቱ ጠርቶ ሲመጣ ቀና ብዬ አየኋቸው። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልለቀቁም።

ሰኞ ሻንጣዬን ጭነን ወጣን። አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ደጋግሞ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ በእኛ አገር መንገድ ላይ ምን እንደሚያመጣ ቪዲዮው አልተናገረም። ቀነስ ባልኩ ቁጥር መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ሊሳፈር ጆንያውን አንስቶ ይሮጣል። እኔ ደግሞ አልፌው እሄዳለሁ። አባቴን የማያውቃቸው የለም፤ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሲለምኑ ላብ አሰመጣቸው።

«ይቅርታ፣ ፍሬን እያለማመድን ነው!»

«ፍሬን በሰው ልብ ነው እንዴ የሚለማመዱት፣ ጋሽ ኢታና?» አለቻቸው አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴት። ከልቤ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከኢተያ ወደ ሁሩታ ታጥፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር የአባቴ እጅ ወደ ማርሹ ሄደ። ልማድ ነው።

«አባዬ፣ እጅዎን።»

ሰበሰቡት። ወዲያው ከስንዴው መሃል ጋሪ ብቅ አለ። ፈረሱ እኛን ሲያይ ደንግጦ መንገዱ መሃል ቀጥ አለ። ረገጥኩ። መኪናዋ አልጮኸችም፣ ወደ ጎንም አልሳበችም። ቀበቶው ደረቴን ያዝ አደረገኝና ቆምን። ፈረሱ አንገቱን ቢዘረጋ ኮፈኑን ይነካው ነበር።

ባለ ጋሪው እጁን አንስቶ ሰላም ብሎን አለፈ። እኛ አልተንቀሳቀስንም። ከመዳፌ የማይበልጥ ሸራ ያን ሁሉ ብረት፣ አባቴን፣ እኔን፣ ቁልቁለቱንም ጭምር ያቆመው መሰለኝ። መቆም እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አስጠጋሁ። አባቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። ተቆጡ ብዬ ደነገጥኩ። የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን አስጠጉና ሙቀቱን አዳመጡት። ከዚያ ተነሱ፣ አስፋልቱን ተሻገሩ፣ ወደ ላይ ለሚወጣ ሚኒባስ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባዬ፣ አርቦዬ ገና ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ ከማዶ። ሚኒባሱ ቆመላቸው፤ ረዳቱ «አሰላ፣ አሰላ» እያለ በሩን ከፈተ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞር አሉ። «ዓርብ ለራት ከነመኪናሽ እንጠብቅሻለን፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

ሚኒባሱ ዳገቱን ይዞ ተሰወረ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እግሬ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ።