ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ

ሀሌሉያ ባል ፈልጉልኝ አላለችም። እናቷ ወይዘሮ ምህረት ግን ዓመቱን ሙሉ፣ «ሊልበርን ከተማ ያለውን ስምዖንን አንዴ ብቻ እዪው» እያሉ ነዘነዟት። አሻፈረኝ አለች። የእሷ ልብ ያለው ምራቋን መርምሮ ዘመዶቿን የሚፈልግላት ድረ ገጽ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ሮጠች። «እማ፣ ያ የምትዪኝ ስምዖን ዘመዳችን ነው ይላል!»

«ማሽን ዘር ምን ያውቃል?» ብለው ወይዘሮ ምህረት ሽንኩርታቸውን ትተው ለልጁ እናት ደወሉ። ሁለቱ እናቶች አያት ቅድመ አያት እየጠሩ ወደ ላይ ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም እኩል፣ «ባላምባራስ ጓንጉል!» አሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም።

ወይዘሮ ምህረት ስልኩን ዘግተው ግንባራቸውን ያዙ። «ጉድ ፈላ! ሳልነግርሽ ለነገ ምሳ ጠርቻቸው ነበር። በቃ፣ ካንስል ላድርገው።»

«ኖ፣ እማ፣ እንዳታደርጊው!» አለች ሀሌሉያ። «ስለ ባላምባራስ የሚያውቀው ነገር ይኖራል። እኔ እኮ ገና አሁን ላየው ፈለግኩ።»