የባሌ ፓስፖርት

የእህቴ ልጅ ነገ ቶሮንቶ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሳ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴንና ግሪን ካርዴን ሦስት ጊዜ ቼክ አደረግሁ። የባሌን ማን ያስባል? ዳርኔል ሜሪላንድ የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ ድንበሩን ሁልጊዜ በመንጃ ፈቃዱ ነበር የሚሻገረው።

ወደ ካናዳ የሚያሻግረው ድልድይ መግቢያ ላይ ጠባቂዎቹ ከጁን 2009 ጀምሮ በመንጃ ፈቃድ መሻገር መቅረቱን ነገሩን። ያለ ፓስፖርት ከወጣ መመለሱ ያስቸግረዋል። እሱ ደግሞ ፓስፖርት አውጥቶ አያውቅም።

«አንቺ ሂጂ፣ ልጅቷ ትጠብቅሻለች» አለኝና ቦርሳውን ይዞ ከመኪናው ወረደ።

በመስታወት አየሁት። እጁን ኪሱ ከትቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። አዲስ አበባ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ፣ ቪዛ ስጠብቅ፣ ስንት ጊዜ እንደዚያ ቆሜያለሁ! ያኔ እሱ በስልክ «ወረቀት እኮ ነው» ይለኝ ነበር።

ያንኑ ቃሉን ልመልስለት መስኮቱን ከፈትኩ። ግን እንዲያ ልለው አንጀቴ አልቻለም።